የምኑ ሲሶ? በቃላት ፕሮብሌም ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ ማታ ማታ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆችን ሒሳብ አስጠናለሁ። መደመሩንም ማባዛቱንም ይችሉታል። ጥያቄው በቁጥር ብቻ ሲመጣ ቶሎ ነው የሚጨርሱት። በቃላት ሲመጣ ግን እስክሪብቶ ማኘክ ይጀመራል። አንዷን ስህተት በዚህ ሳምንት ብቻ ስንት ጊዜ እንዳረምኳት እንጃ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፋት አልኩ።

ጥያቄዋ ይህች ናት። አንድ ዓሣ አጥማጅ ከጣና ካወጣው ቆሮሶ ሲሶውን ለቤቱ አስቀረ። ከቀሪው ደግሞ ግማሹን ለምግብ ቤት ሸጠ። በመጨረሻ 12 ቆሮሶ ተረፈው። መጀመሪያ ያጠመደው ስንት ነበር?

አብዛኞቹ ልጆች እንዲህ ይሠሩታል። 1/3 ሲደመር 1/2 እኩል ይሆናል 5/6። የተረፈው 1/6 ነው። 1/6 ማለት 12 ከሆነ፣ ጠቅላላው 72። የወል ታሕቱን በትክክል አግኝተዋል፤ ድምሩም ልክ ነው፤ ማባዛቱም ልክ ነው። መልሱ ግን ስህተት ነው። ግማሹ የተነሳው ከጠቅላላው ሳይሆን ከቀሪው ነዋ! ሲሶው ሲነሳ 2/3 ይቀራል። የ2/3 ግማሽ 1/3 ነው። ስለዚህ 1/3 ተሸጠ፣ 1/3 ተረፈ። 12 ማለት 1/3 ነው፤ ያጠመደው 36 ነው።

ልጆች፣ እባካችሁ፣ ሲሶ፣ ሩብ፣ ግማሽ የሚል ቃል ባያችሁ ቁጥር እጃችሁን አቁሙና «የምኑ?» በሉ። እኔ ጋ የሚያጠኑት ጮክ ብለው ነው የሚሉት። ክፍልፋይ ብቻውን አይቆምም፤ ሁልጊዜ የአንድ ነገር ክፍልፋይ ነው። በሲሶ የሚያርስ ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። 21 ኩንታል በቆሎ ተገኘ እንበል። 3 ኩንታሉ ለዘርና ለማዳበሪያ ወጪ ይነሳል። ሲሶው ከ21 የሚሰላ ከሆነ 7 ኩንታል ነው። ወጪው ከተነሳ በኋላ ከሆነ ደግሞ ከ18 ነው፣ 6 ኩንታል። «የምኑ ሲሶ?» ብሎ አስቀድሞ ያልተስማማ ሰው አውድማ ላይ አንድ ሙሉ ኩንታል ያጣላዋል።

ዋጋም ላይ ያው ነው። ቅዳሜ ገበያ አንድ ኪሎ ሽንኩርት 80 ብር ነበር እንበል። በሩብ ጨመረና 100 ብር ገባ። በሳምንቱ በሩብ ቀነሰ። ልጆቹ ሳያስቡ «ወደ 80 ተመለሰ» ይላሉ። አልተመለሰም። የመጀመሪያው ሩብ የ80 ሩብ ነው፣ 20 ብር። ሁለተኛው የ100 ሩብ ነው፣ 25 ብር። ሽንኩርቱ 75 ብር ሆኗል።

አንዲት በጣም ጎበዝ ተማሪ ነበረችኝ። የዓሣውን ጥያቄ 72 ብላ ደብተሯን ዘጋች። ተሳስተሻል አላልኳትም። «72ቱን ይዘሽ ጥያቄውን ከመጀመሪያው እንደገና ተራመጂው» ብቻ አልኳት። 24 ለቤት። 48 ቀረ። 24 ተሸጠ። 24 ተረፈ። «ቲቸር፣ 12 አልመጣም እኮ!» አለች። ከዚያ በኋላ መልሷን ወደ ጥያቄው ሳትመልስ ደብተር ዘግታ አታውቅም። አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ግን የሚያደርገው ልጅ ጥቂት ነው።

በማናውቀው ቁጥር ቦታ ወደምንጽፋቸው ፊደሎች ልምጣ። «ሀ ዓሣ ይሁን» ብሎ መጀመር አይበቃም። ሀ የዓሣው ብዛት ነው? ዋጋው ነው? ክብደቱ ነው? በአንድ መስመር ጻፉት። ያልጻፈ ልጅ ግማሽ መንገድ ላይ ብርን ከዓሣ ጋር ሲደምር አገኘዋለሁ።

አማርኛችን ራሱ የሚያሳስትበትም ቦታ አለ። «5 ከአንድ ቁጥር ላይ ሲቀነስ 9 ይሆናል» ሲባል፣ 5 መጀመሪያ ስለተጠራ ብቻ 5 − ሀ = 9 ብለው ይጽፋሉ። ትክክሉ ሀ − 5 = 9 ነው፤ ቁጥሩ 14። «የባጃጁ ሒሳብ ከጀልባው በ30 ብር ያንሳል» ሲባል ደግሞ ባ − 30 = ጀ ይሉኛል። ያነሰው ባጃጁ ሆኖ ሳለ እንደገና ከእሱ ቀነሱለት! ባ = ጀ − 30 ነው። እኔ የማስተምረው እንዲህ ነው፦ «ከ» የተለጠፈችበትን ቃል ክበቡት። መነሻው እሱ ነው፤ የሚጨመረውም የሚቀነሰውም እሱ ላይ ነው።

1/2 እና 1/3ን ደምሮ 2/5 የሚል ልጅ ዛሬም አለ። 2/5 እኮ ከግማሽ ያንሳል። ግማሽ እንጀራ ላይ ሲሶ ተጨምሮ ከግማሽ በታች እንዴት ይሆናል?

10 ኪሎ የዘጌ ቡና በሩብ ኪሎ ቢታሸግ ስንት እሽግ ይወጣዋል? 40። ለ4 አካፍሎ ሁለት ተኩል ያለኝ ልጅ፣ ለሩብ ማካፈልንና ለአራት ማካፈልን አንድ አድርጎታል።

ሰዓት ላይ እኔም ተሳስቻለሁ። በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ጀልባ በ1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ምን ያህል ትጓዛለች የሚል ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ስሠራ፣ 12ን በ1.15 አባዛሁና 13.8 አልኩ። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «15 ደቂቃ የሰዓት ሩብ አይደለም እንዴ?» አለኝ። ልክ ነበር። 1.25 ነው፤ መልሱ 15 ኪሎ ሜትር። ከነጥብ በኋላ ያለው ከመቶ ነው፣ ደቂቃው ግን ከ60 ነው። ይኸውና የምኑ የሚለው ጥያቄ እዚህም መጣ።

አማካይ ፍጥነት ላይም ተጠንቀቁ። ባሕር ዳርን ከጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይለያታል። በሰዓት በ60 ሄዶ በ45 የተመለሰ ሰው አማካዩ 52.5 አይደለም። ሲሄድ 3 ሰዓት፣ ሲመለስ 4 ሰዓት ፈጅቶበታል። 360ን ለ7 አካፍሉት፣ 51.4 ገደማ ነው። በቀስታው ፍጥነት ረዘም ያለ ጊዜ ቆይቷላ።

ለ10 ሰው፣ ሦስት ሦስት የሚጭን ባጃጅ ስንት ያስፈልጋል ሲባል 3 ከ1/3 ብላችሁ አትተዉት። 4 ነው።

ሳልነግራችሁ የማላልፋት አንዲት ጥያቄ ደግሞ አለች። ጣና ዳር ታንኳ የሚሠራበት ደንገል፣ ዓባይ ወርዶ የሚደርስባት ግብፅ ውስጥ ድሮ የሚጻፍበት ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ አሕሞስ የሚባል ጸሐፊ በደንገል ወረቀት ላይ የሒሳብ ጥያቄዎችን ገልብጧል። አንዱ ይህ ነው፦ አንድ መጠን ከሰባተኛው (ከ1/7ው) ጋር ሲደመር 19 ይሆናል። መጠኑ ስንት ነው?

ልጆቼ ቶሎ ብለው የ19ን ሰባተኛ ይቀንሳሉ። የምኑ ሰባተኛ? የ19 አይደለም፣ የመጠኑ ነው። አሕሞስ «7 ይሁን» ብሎ ጀመረ። 7 ከሰባተኛው ጋር 8 ይሆናል። ከዚያ 19ን ለ8 አካፍሎ በ7 አበዛ። እኛ 8/7 ሀ = 19 ብለን እንሠራዋለን። በሁለቱም መንገድ 16 ከ5/8 ይመጣል። ወደ ጥያቄው እንመልሰው። ሰባተኛው 2 ከ3/8 ነው። 16 ከ5/8 ላይ 2 ከ3/8 ስንጨምር፣ 19 ሞላ።