የቶርክ ኮንቨርተር ፍሪሲዮን የኤሌክትሪክ ብልሽትን እንዴት እንመረምራለን?

ቶርክ ኮንቨርተር የሞተሩን ጉልበት ወደ አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚያስተላልፈው በዘይት አማካይነት ስለሆነ፣ ሞተሩ በሚዞርበትና ካምቢዮው በሚቀበለው ፍጥነት መካከል ጥቂት ልዩነት መኖሩ አይቀርም። ይህ ልዩነት ነዳጅ ያባክናል፤ ዘይቱንም ያሞቃል። ስለዚህ መኪናው በተረጋጋ ፍጥነት ሲጓዝ በኮንቨርተሩ ውስጥ ያለው ፍሪሲዮን ይጣበቅና ሁለቱ ወገኖች እኩል እንዲዞሩ ያደርጋል። ፍሪሲዮኑን የሚያጣብቀው የዘይት ግፊት ነው፤ ግፊቱን የሚያዝዘው ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቫልቭ) ደግሞ ትእዛዙን የሚቀበለው ከኮምፒውተሩ ነው። ኮንቨርተር ለመቀየር ካምቢዮው መውረድ አለበት፤ የኤሌክትሪክ መስመሩን ለመመርመር ግን ብዙውን ጊዜ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ)፣ ከመኪናው ኮምፒውተር የብልሽት ኮድ የሚያነብ የመመርመሪያ ስካነርና የመኪናው የሽቦ ንድፍ ይበቃሉ።

መጀመሪያ የብልሽት ኮዱን በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። ፒ0740 እና ፒ0743 የኤሌክትሪክ መስመሩን የሚመለከቱ ሲሆኑ፣ ፒ0744 ችግሩ አልፎ አልፎ የሚታይ መሆኑን ያመለክታል። ፒ2763 በሶሌኖይዱ መስመር ላይ ከሚጠበቀው በላይ፣ ፒ2764 ደግሞ ከሚጠበቀው በታች የሆነ ቮልቴጅ መኖሩን ይናገራሉ። ፒ0741 ግን ፍሪሲዮኑ ታዝዞ አለመጣበቁን፣ ፒ0742 አለመላቀቁን ብቻ ነው የሚገልጹት፤ መንስኤያቸው በአብዛኛው የተበላ ፍሪሲዮን፣ የተጣበቀ ቫልቭ ወይም የግፊት ማነስ ነው። ይህን ልዩነት ሳይለዩ ሶሌኖይድ መግዛት በግምት መሥራት ነው።

የኤሌክትሪክ ኮድ ሳይኖር ፍሪሲዮኑ የማይጣበቅ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ እንዲጣበቅ ጭራሽ አላዘዘ ይሆናል። በብዙ መኪኖች ፍሬን ሲረገጥ ፍሪሲዮኑ ስለሚላቀቅ፣ የፍሬን ፔዳሉ ስዊች ሁልጊዜ እንደተረገጠ የሚያሳይ ከሆነ ትእዛዙ አይመጣም። የፍሬን መብራቱ በትክክል መሥራቱ ለዚህ በቂ ማስረጃ አይደለም፤ አንዳንድ ስዊቾች ለመብራቱና ለኮምፒውተሩ የተለያየ መገናኛ ስላላቸው የስዊቹን ሁኔታ በስካነሩ ላይ ማየት ይገባል። የሞተሩ ሙቀትም እንዲሁ ነው፤ የማቀዝቀዣውን ውሃ የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ተከፍቶ በመቅረቱ ሞተሩ በበቂ ሁኔታ የማይሞቅ ከሆነ ኮምፒውተሩ ፍሪሲዮኑን አያጣብቅም።

እነዚህ ደህና ከሆኑና የኤሌክትሪክ ኮድ ካለ ወደ መስመሩ እንሄዳለን። ፊውዙን ካየን በኋላ ቁልፉን አጥፍተን፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈትተን፣ የካምቢዮውን ሶኬት እንነቅልና በካምቢዮው በኩል ባሉት ፒኖች የሶሌኖይዱን ኦም (ለኤሌክትሪክ ያለውን ተቃውሞ) እንለካለን። ትክክለኛው ልክ እንደ ሶሌኖይዱ ዓይነት ከጥቂት ኦሞች እስከ ብዙ አሥር ኦሞች ስለሚለያይ ከጥገና መመሪያው መወሰድ አለበት። እዚህ ላይ ሙቀትን መርሳት ያሳስታል፤ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 12 ኦም የሚለካ የሶሌኖይድ የመዳብ ሽቦ ጥቅል በ100 ዲግሪ ወደ 16 ኦም ይጠጋል። በመመሪያው ላይ ያለው ቁጥር ለቀዝቃዛ ካምቢዮ ከሆነ በሞቀው ላይ ለክቶ “ተበላሽቷል” ማለት አይቻልም። ሲቀዘቅዝ ደህና የሆነው ሲሞቅ ጨርሶ የሚቋረጥ ከሆነ ግን ጥፋቱ በሶሌኖይዱ ወይም በካምቢዮው ውስጥ ባለው ሽቦ ላይ ነው። በፒኖቹና በካምቢዮው አካል መካከልም ግንኙነት መኖር የለበትም፤ በአካሉ በኩል ኔጋቲቭ የሚያገኙ ሶሌኖይዶች ከዚህ ውጭ ናቸው።

ሶሌኖይዱ ደህና ከሆነ የሚቀረው የውጭው ሽቦ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። መልቲሜትር በጣም ጥቂት ኤሌክትሪክ ስለሚወስድ፣ አንድ ክር ብቻ የቀረው ሽቦ ሙሉ 12 ቮልት ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ መስመሩ ጭነት ይሰጠው፦ ባትሪው ተመልሶ ከታሰረና ቁልፉ ከተከፈተ በኋላ የ5 ዋት አምፖል በፖዘቲቩ ሽቦና በባትሪው ኔጋቲቭ መካከል ሲታሰር ደምቆ መብራት አለበት፤ ከደበዘዘ በመንገዱ ላይ የተበላ መገናኛ አለ። ይህ የሚሠራው ፖዘቲቩ በቀጥታ ከፊውዝ ለሚመጣ መስመር ነው። ከኮምፒውተሩ የሚወጣውን ሽቦ በአምፖል መፈተን ኮምፒውተሩን ሊጎዳ ስለሚችል፣ እርሱን ባትሪው ተፈትቶ፣ ሁለቱም ጫፎች ተነቅለው፣ በኦም መለካት ይሻላል። ከጫፍ ጫፍ ከ1 ኦም በታች መሆን፣ ከኔጋቲቭም ከፖዘቲቭም ጋር አለመገናኘት አለበት። ከኔጋቲቭ ጋር የተነካካ ሽቦ፣ ኮምፒውተሩ በኔጋቲቭ በኩል በሚያዝዝበት መኪና ላይ፣ ሶሌኖይዱን ያለ ትእዛዝ ያሠራዋል።

አልፎ አልፎ ለሚታይ ጥፋት ሜትሩ እንደተያያዘ ሽቦውን በተለይ ከጭስ ማውጫው አጠገብና በመያዣዎቹ ሥር ማወዛወዝ ይጠቅማል። ሶኬቱ ውስጥ የካምቢዮ ዘይት ከታየ፣ ዘይቱን የሚያግደው ማኅተም ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ዘይቱ በሽቦው ውስጥ እየተሳበ እስከ ኮምፒውተሩ ሶኬት ሊደርስ ስለሚችል እዚያም መታየት አለበት። የሽቦውን ልባስ በመርፌ መብሳት ለወደፊት ዝገት በር ስለሚከፍት ከሶኬቱ ጀርባ መለካት ይመረጣል።

ኮምፒውተሩ የሚጠረጠረው ሁሉም ደህና ሆኖ ሲገኝ ብቻ ነው። ከጥገናው በኋላ ኮዱ ተሰርዞ መኪናው እስኪሞቅ ይነዳ፤ በተረጋጋ ፍጥነት ላይ የስካነሩ የመንሸራተት ቁጥር (በሞተሩና በካምቢዮው ፍጥነት መካከል ያለው ልዩነት) ወደ ዜሮ ሲጠጋና ፍሬኑ ቀስ ብሎ ሲነካ ቁጥሩ ሲነሣ፣ ትእዛዙም ሶሌኖይዱም እየሠሩ ነው።