የሰው አጽም ከመሬት እንዴት ይወጣል? እንዴትስ ይነበባል?

የሰው አጽም ቆፍሮ ማውጣትና መመርመር በንባብ ብቻ የሚያዝ ሙያ አይደለም። የሚለመደው በመስክ ትምህርት ቤት ነው። ተማሪዎች ለጥቂት ሳምንታት ከባለሙያ ጋር መቃብር ውስጥ ተንበርክከው ይሠራሉ፤ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አጥንት ይለያሉ። ለአዲስ ሰው ከባዱ ቁፋሮው ይመስለዋል። ከባዱ ግን አጥንቱን ለማንሳት የሚቸኩል እጅን መግታት ነው። አንዴ የተነሳ አጥንት ተመልሶ እንደነበረው አይተኛም።

ፖላንድ ውስጥ ድራቭስኮ የምትባል መንደር አለች። እዚያ ያለው መቃብር የ17ኛውና የ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በመቶዎች ከሚቆጠሩ ተራ መቃብሮች መካከል ስድስቱ ለየት አሉ። የአንዳንዱ ሟች አንገት ወይም ሆድ ላይ ማጭድ ተጋድሟል፤ የሌላው አገጭ ሥር ትልቅ ድንጋይ ተቀምጧል። ሟቹ ተነስቶ ሕያዋንን እንዳያስቸግር የተደረገ ነው ተብሎ ይታመናል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት ጥርሳቸው ውስጥ ያለውን ስትሮንቲየም (ሰው ካደገበት አካባቢ በምግብና በውሃ ወደ ጥርስ የሚገባ ንጥረ ነገር) መርምሮ እነዚህ ሰዎች መጤ ሳይሆኑ የአካባቢው ልጆች እንደነበሩ አሳየ። ቆፋሪው ማጭዱን «የዛገ ብረት» ብሎ ቀድሞ ቢያነሳው ኖሮ ይህ ሁሉ ጥያቄ አይነሳም ነበር።

ከመሄዳችሁ በፊት

ትምህርት ቤቱ የቁፋሮ ፈቃድ እንዳለውና የአጥንት ባለሙያ ቦታው ላይ መኖሩን አረጋግጡ። በእኛ አገር ፈቃዱ የሚጠየቀው ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ነው። የቴታነስ ክትባታችሁን አድሱ። የአዋቂ ሰው 206 አጥንቶችን ስምና ቦታ አስቀድማችሁ አጥኑ፤ ግራና ቀኙን መለየት ጭምር። (ቤት ስታሠሩ የሰው አጥንት ድንገት ቢወጣ ግን ሥራውን አቁማችሁ ለፖሊስ ደውሉ።)

ጉድጓዱ ውስጥ

መቃብር መጀመሪያ የሚታየው በአፈሩ ቀለም ነው። ተቆፍሮ የተመለሰ አፈር ካልተነካው ይለያል። መሬቱን በትንሽ የግንበኛ ማንኪያ ጠርጋችሁ አስተካክሉት፤ የጉድጓዱ ጠርዝ ራሱ ይወጣል። ከዚያ በስሱ በስሱ ውረዱ።

አጥንት ሲታይ ብረቱን አስቀምጡ። ከዚህ በኋላ የቀርከሃ ስንጥርና ለስላሳ ብሩሽ ብቻ ነው። ከላይ ወደ ታች አጽዱ፤ አጥንቱን ግን ከተኛበት አታንቀሳቅሱ። ፀሐይ ላይ ቶሎ ደርቆ ስለሚሰነጠቅ ጥላ ሥሩለት።

እጅና እግርን (ከእጅ አንጓና ከቁርጭምጭሚት እስከ ጣቶች ያለውን) ለመጨረሻ አቆዩ። የሁለቱ እጆችና የሁለቱ እግሮች አጥንቶች ሲደመሩ 106 ናቸው፤ ከጠቅላላው ከግማሽ በላይ ማለት ነው። አንዳንዶቹ ከአተር ብዙም አይበልጡም፤ ለቸኮለ ሰው ጠጠር ይመስላሉ። በየጊዜው የሚጠፉትም እነሱ ናቸው። ስለዚህ በዙሪያቸው ያለው አፈር ሁሉ በወንፊት ይነፋ። ዳሌው ላይ ካለው አፈር ደግሞ ናሙና ውሰዱ። ሰውየው ሆድ ውስጥ የነበረ የወስፋት እንቁላል እዚያ ሊገኝ ይችላል።

ሳታነሱ መዝግቡ

የርዝመት መለኪያና የሰሜን ቀስት አጠገቡ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ። ሥዕሉን ሳሉ፤ ጥልቀቱን ለኩ። ራሱ ወዴት ነው? በጀርባው ተንጋሎ ነው ወይስ በጎኑ? እጆቹ የት አረፉ? አጠገቡ ምን ነበር? ሁሉም ይጻፍ።

ሲነሳ የግራና የቀኝ እጅ በተለያየ ከረጢት ይገባል፤ እግርም እንደዚሁ። እያንዳንዱ ከረጢት ላይ የመቃብሩ ቁጥር ይጻፋል። የራስ ቅል በሁለት እጅ ከሥር ተደግፎ ይነሳል፤ በዓይን ጉድጓድ ጣት አስገብቶ ማንሳት ክልክል ነው።

ጠረጴዛው ላይ

ዘረመል የሚመረመር ከሆነ ናሙናው ሳይታጠብ፣ በጓንት ይወሰድ። እ.ኤ.አ. በ2012 ጋሞ ደጋ ውስጥ ሞታ በሚባል ዋሻ የተገኘው የ4,500 ዓመት ሰው ዘረመል የተነበበው ከጆሮ በስተውስጥ ካለው ጠንካራ አጥንት ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ ከአፍሪካ ሙሉ ዘረመሉ የተነበበ የመጀመሪያው ጥንታዊ ሰው ሆነ።

ሌላው አጥንት ውሃ ውስጥ ሳይዘፈዘፍ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይታጠብና ጥላ ላይ ይደርቃል። ከዚያ እንደ ሰው ቅርጽ ደርድሩት። ሦስተኛ የጭን አጥንት ከተረፋችሁ ቢያንስ ሁለት ሰው አለ ማለት ነው።

ፆታን ከዳሌ ጀምሩ። የሴት ዳሌ ሰፋ ይላል፤ ከፊት ሁለቱ አጥንቶች ሲገናኙ ከሥራቸው ያለው ማዕዘንም ይከፈታል። የልጆችን ፆታ ግን በአጥንት ቅርጽ ለመናገር አትድፈሩ። ለልጅ ዕድሜ ጥርስ ጥሩ ምስክር ነው። ከትከሻ ወደ ደረት የሚመጣው አጥንት በደረት በኩል ጫፉ ገጥሞ የሚያልቀው በ20ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜ በግምት ክልል ብቻ ይጻፋል።

ለእኔ ልብ የሚነካው የበሽታው ክፍል ነው። ጥርስ ላይ አግድም የተሰመረ ቦይ ካያችሁ ያ ሰው በልጅነቱ ርቦት ወይም ታሞ ነበር። አጥንት ላይ የበቀለው አዲስ ሽፋን ሻካራ ከሆነ ሲሞት ሕመሙ አልለቀቀውም፤ ለስልሶ ከገጠመ ግን ድኖ ኖሯል። የበሽታውን ስም ለመስጠት ግን አትቸኩሉ። የቱ አጥንት፣ የቱ ጎን፣ ስንት ሚሊሜትር፣ ሻካራ ወይስ ልስልስ፤ ያያችሁትን ጻፉ። ስሙን ባለሙያው አይቶ ይወስን።