ኤድመንድ በርክን ሲያነቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ወግ አጥባቂ የፖለቲካ ፍልስፍና በተነሣ ቁጥር ከሁሉ ቀድሞ የሚጠራው ስም የኤድመንድ በርክ፣ የ18ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ ፓርላማ አባልና ጸሐፊ፣ ነው። ስሙን የሚያነሣ ብዙ ነው፤ ጽሑፉን ገልጦ ያነበበ ግን ጥቂት። አድናቂውም ነቃፊውም አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ መጽሐፉ የተቀነጨቡ ገጾችን ይዞ ይከራከራል። በርክ ግን ዕድሜ ልኩን የተሟገተለት አንድ ጉዳይ አለው፦ ንጉሥም ይሁን የንግድ ኩባንያ ወይም በሕዝብ ስም የሚናገር ጉባኤ፣ ማንም ልጓም የሌለው ሥልጣን እንዳይዝ። ይህን ክር የጣለ አንባቢ በርክን እርስ በርስ የሚቃረን ሰው አድርጎ ያየዋል። ከታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1790ው መጽሐፍ ጀምሮ በዚያው መጨረስ

በርክ የፈረንሳይን አብዮት ተቃውሞ የጻፈው ዝነኛ መጽሐፍ በኖቬምበር 1790 ሲወጣ ደራሲው ዕድሜው ስድሳ ዓመት ገደማ ነበር፤ በፓርላማም ሩብ ምዕተ ዓመት ቆይቷል። በ1766 የእንግሊዝ መንግሥት በአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ላይ ጥሎት የነበረውን የቴምብር ቀረጥ ሲሽር፣ በርክ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የሮኪንግሃም የግል ጸሐፊ ነበር። ማርች 22 ቀን 1775 ደግሞ ከአሜሪካኖቹ ጋር ዕርቅ እንዲወርድ ፓርላማውን ለመነ። በዚያ ንግግሩ ሕግ አዋቂ «ይህን ማድረግ ትችላለህ» የሚለው አይበቃኝም፤ ሰብአዊነት፣ ማስተዋልና ፍትሕ ምን አድርግ ይሉኛል ብዬ ነው የምጠይቀው ይላል።

ስለዚህ ንባቡን በ1775ቱ ንግግር መጀመር ይሻላል። በ1790ው የጀመረ ሰው የሚያገኘው የተቆጣ ሽማግሌ ነው፤ ቁጣው ከየት እንደመጣ አይገባውም። ይህ ግራ መጋባት የዛሬ ብቻ አይደለም። የአሜሪካኖቹ ወዳጅ እንዴት የፈረንሳዮቹ ጠላት ሆነ ብለው የገዛ ጓዶቹ ጠይቀውታል። በሜይ 1791 የረጅም ጊዜ ወዳጁ ቻርልስ ፎክስ በምክር ቤቱ ውስጥ እያለቀሰ ወዳጅነታቸው አከተመ። በርክ በዚያው ዓመት በጻፈው ሌላ ጽሑፍ መለሰላቸው፦ አሜሪካኖቹ የታገሉት ከአባቶቻቸው የወረሱትን ነፃነት እንዳይነጠቁ ነው፤ በፓሪስ የተቀመጠው የአብዮቱ ጉባኤ ግን የቆየውን ሁሉ አፍርሶ፣ ምንም ነገር የማይገታው ሥልጣን ለራሱ ሰጠ። መልሱ ያሳምናል አያሳምንም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። መልስ አለው፤ ሳያነቡት ከሃዲ ማለት ግን አይገባም።

ለውጥን ሁሉ የሚጠላ ማስመሰል

በዚያው በ1790ው መጽሐፍ፣ ራሱን የሚለውጥበት መንገድ የሌለው መንግሥት ራሱን የሚያቆይበትም መንገድ የለውም ብሎ ጽፏል። በሥራም አሳይቶታል። ንጉሡ የእንደራሴዎችን ድጋፍ ለመግዛት የሚያድላቸውን ሥራ አልባ ሹመቶች የቀነሰው የ1782ቱ ሕግ የእርሱ ድካም ውጤት ነው። በአየርላንድ ካቶሊኮች ላይ የተጫኑት የጭቆና ሕጎች እንዲነሡ ጽፏል። የባሪያ ንግድን መጀመሪያ በሕግ የሚገድብ፣ ኋላም የሚያጠፋ ረቂቅ በ1780 ገደማ አዘጋጅቷል። ረቂቁ ቀስ በቀስ የሚሄድ መሆኑ ዛሬ ለምናነበው ሰዎች ያማል፤ ቢሆንም ለውጥን የሚጠላ ሰው የሚጽፈው አይደለም።

የመኳንንት ልጅ አድርጎ መቁጠር

በርክ ደብሊን የተወለደ አየርላንዳዊ ነው። አባቱ ፕሮቴስታንት የሕግ ሰው፣ እናቱ ካቶሊክ ነበሩ። በልጅነቱ ባሊቶር በተባለ መንደር ኩዌከሮች የተባሉ ፕሮቴስታንት ክርስቲያኖች በከፈቱት ትምህርት ቤት ተማረ፤ ከዚያ ትሪኒቲ ኮሌጅ ገባ። በ1750 ሕግ ሊማር ለንደን ሄደና ትምህርቱን ትቶ ወደ ጽሑፍ አደላ። በእንግሊዝ ፖለቲካ ውስጥ ባዕድነቱ አልተረሳለትም፤ የካርቱን ሠዓሊዎች ኢየሱሳውያን የተባለውን የካቶሊክ ማኅበር የመነኩሴ ልብስ እያለበሱ ይስሉት ነበር። ዕዳም አልተለየውም።

ይህን የሚጠራጠር በ1796 ለአንድ የመኳንንት ወገን የጻፈውን ደብዳቤ ያንብብ። የቤድፎርዱ መስፍን በርክ በተሰጠው ጡረታ ላይ ክስ አቀረበ። በርክም የመስፍኑ ሀብት ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ከሌሎች ወርሶ ለአያቶቹ ያደለው መሆኑን፣ እርሱ ግን ለእያንዳንዷ እርምጃ ዋጋ የከፈለ መሆኑን እያነጻጸረ መለሰለት። አንድ ልጁ ሪቻርድ ከሞተ ሁለት ዓመት አልሞላም ነበር፤ ራሱን ማዕበል ከገነደሳቸው አሮጌ ዛፎች እንደ አንዱ ይቆጥራል። ከጽሑፎቹ ሁሉ እኔን እጅግ የሚነካኝ ይህ ደብዳቤ ነው።

ሕንድን መዝለል

ትልቁ ስህተት ይኸኛው ነው። በርክ ከሕይወቱ ሥራዎች ሁሉ የሚኮራበት የቱ እንደሆነ በዚሁ ደብዳቤ ውስጥ ጽፏል፤ የሕንዱ ነው። ብዙ አንባቢ ግን ምዕራፉን ነክቶት አያውቅም።

የእንግሊዝ የንግድ ድርጅት የሆነው የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ቤንጋል በተባለው የሕንድ ግዛት ነግሦ ነበር። በርክ ከ1781 ጀምሮ በፓርላማው የምርመራ ኮሚቴ ተቀምጦ የኩባንያውን ሰነዶች ለዓመታት መረመረ። ከዚያ የቤንጋሉን ጠቅላይ ገዥ ዋረን ሄስቲንግስን ከሰሰ። ከክሶቹ አንዱ በሰሜን ሕንድ ያለችው የአዋድ ግዛት ገዥ እናትና አያት ሀብታቸውን በግፍ ተዘርፈዋል የሚል ነበር። ችሎቱ በፌብሩዋሪ 1788 በዌስትሚንስተር አዳራሽ ተከፈተ፤ የበርክ የመክፈቻ ንግግር ብቻ አራት ቀን ወሰደ።

የሄስቲንግስ ወገን መከላከያ፣ እስያ በዘፈቀደ መገዛት የለመደች አገር ስለሆነች በአውሮፓ ሚዛን አትለኩን የሚል ነበር። በርክ ይህን ከሥሩ ነቀለው። ግብረ ገብ በኬክሮስና በኬንትሮስ የሚለዋወጥ አይደለም አለ። የእስልምናና የእስያ ሕጎችን እየጠቀሰ እነዚያም አገሮች ገዥ የሚገዛበት ሕግ እንዳላቸው አስረዳ። ኩባንያው ለሄስቲንግስ የዘፈቀደ ሥልጣን ሊሰጠው አይችልም፤ ኩባንያውም የለውም፤ ንጉሡም ፓርላማውም የላቸውም፤ ማንም ሰው ለማንም የማይሰጠው ነገር ነውና። በ1790 ፈረንሳዮቹን የከሰሰበት መርሕ ይኸው ነው። በፍርድ የተቀመጡት የላይኛው ምክር ቤት ሎርዶች በኤፕሪል 1795 ሄስቲንግስን በነፃ አሰናበቱት፤ በርክ ግን ክሱ ትክክል መሆኑን እስከ ሞተበት እስከ 1797 አልተጠራጠረም።

ያልጻፈውን በስሙ መጥቀስ

ክፋት እንዲያሸንፍ ደጋግ ሰዎች ምንም አለማድረጋቸው ይበቃል የሚለው አባባል በስሙ ይዞራል፤ በጽሑፎቹ ውስጥ ግን አይገኝም። በ1770 የጻፈው፣ ክፉዎች ሲያብሩ ደጎችም መተባበር አለባቸው፤ አለዚያ አንድ በአንድ ይወድቃሉ የሚል ነው። ይህን የጻፈው ለፖለቲካ ፓርቲዎች መኖር ሲከራከር ነው።

የብሪስቶሉን ንግግር ያለ መዘዙ ማንሣት

እንደራሴ ለመራጮቹ የሚገባቸው ትጋቱ ብቻ ሳይሆን የራሱ ፍርድም ነው ብሎ ለእንግሊዟ የብሪስቶል ከተማ መራጮቹ የተናገረው የ1774ቱ ንግግር በየቦታው ይጠቀሳል። ያን ፍርዱን ተከትሎ ለአየርላንድ ንግድና ለካቶሊኮች መብት ሲቆም ግን የብሪስቶል መራጮች ተቀየሙት፤ በ1780 ውድድሩን ትቶ ወጣ። ሐሳቡን የሚወድ ሰው ዋጋውንም አብሮ ይጥቀስ።

ተቃዋሚዎቹን ሳያነቡ ነቢይ ማድረግ

በርክ የፈረንሳይ ንጉሥ ሳይገደል፣ አብዮተኞቹ ብዙ ሰው የፈጁበት ሽብርም ሳይጀምር፣ አብዮቱ ሠራዊቱን በሚማርክ አንድ የጦር አዛዥ እጅ እንደሚጠናቀቅ ጽፏል። በ1799 የጦር አዛዡ ናፖሊዮን ሥልጣን ሲይዝ በርክ በሕይወት አልነበረም። አርቆ ማየቱ ያስደንቃል። ስለ ንግሥት ማሪ አንቷኔት የጻፈውን ያህል ግን በጨው ቀረጥና በመኳንንት ግዴታ ስለተጎበጠው የፈረንሳይ ገበሬ አልጻፈም። እንግሊዛዊቷ ጸሐፊ ሜሪ ዎልስቶንክራፍት መጽሐፉ በወጣ በወሩ ይህንኑ ነቀፈችው፤ በ1791 የአብዮቱ ደጋፊ የነበረው እንግሊዛዊ ጸሐፊ ቶማስ ፔይን ደግሞ ለወፏ ላባ አዝኖ የምትሞተዋን ወፍ ረስቷል አለው። ይህ ወቀሳ ትክክለኛ ቦታ የመታ ይመስለኛል። ፔይን ኋላ የንጉሡን መገደል ተቃውሞ፣ በ1793 መጨረሻ በዚያው አብዮት ፓሪስ ውስጥ ታስሯል፤ የበርክ አድናቂዎችም ይህን እንደ ማስረጃ ያነሡታል። የፔይን መታሰር ግን ስለ ገበሬው ያነሣውን ጥያቄ አያፈርሰውም፤ በርክም ኋላ በጻፋቸው ሥራዎች ለዚህ ጥያቄ የሚመጥን መልስ አልሰጠም።