ፐልስ ሰጥተነው አልወጣ ያለ አቶም፦ ችግርና መፍትሄ

ደብረ ብርሃን ላይ የሩቢዲየም ላብ የለኝም። ተማሪዎቼ ሁሉን የሚሞክሩት በኮምፒውተር ነው። ሥራው፦ ለአቶሙ ፐልስ፣ ማለትም ለአጭር ጊዜ የማይክሮዌቭ ሞገድ፣ ሰጥቶ ከሁለት ደረጃዎች ከታችኛው ወደ ላይኛው ማውጣት ነው። ብልሽቱ ግን ያው ነው። ኮዱ መሮጡን አይታችኋል ብዬ ልለፍ።

ምንም ንቅንቅ የለም፦ የሞገዱ ድግግሞሽ ስቷል፣ ወይም ፖላራይዜሽኑ (የሞገዱ የመወዛወዝ አቅጣጫ) ለዚያ ሽግግር አይሆንም። የሩቢዲየም 87 ሁለቱ የታች ደረጃዎች በ6.8347 ጊጋኸርዝ ገደማ ይለያያሉ። 6.8 ብሎ ጽፎ "አይሠራም" የሚለኝ አይጠፋም። ከ34 ሜጋኸርዝ በላይ ስተህ ምን ልታገኝ ነበር?

ይወጣል ይወርዳል፣ ጫፍ ግን አይደርስም፦ ድግግሞሹ በትንሹ ስቷል። ስህተቱ ከራቢ ድግግሞሹ (አቶሙ በሰከንድ ስንት ጊዜ ወጥቶ እንደሚመለስ) ጋር እኩል ከሆነ ከ50 በመቶ በላይ አይወጣም። የሞገዱን ኃይል አትጨምሩ! ስህተቱን ይሸፍንባችኋል።

ውዝዋዜው እየከሰመ መሃል ላይ ከቀረ፣ ሞገዱ ለሁሉም አቶም እኩል አልደረሰም ወይም ረብሻ አለ።

በስሌቱ ልክ ሰጠሁ፣ የወጡት ግን ጥቂት ናቸው፦ ይሄኛው ነው ያስመረረኝ። ከአሥር ዘጠኙ የ2π ጣጣ ነው፤ አንድ ኸርዝ በሰከንድ 2π ራዲያን መሆኑ ይረሳል።

የአንድ የመንዝ ልጅ ራቢ ድግግሞሽ 10 ኪሎኸርዝ ነበር። አቶሙን ሙሉ ለሙሉ የሚያወጣው የፐልስ ጊዜ π ሲካፈል ለራቢ ድግግሞሹ ነው፣ ግን በራዲያን። እሱ ኸርዙን እንደ ራዲያን ቆጥሮ πን ለ10,000 አካፈለ፤ 314 ማይክሮሰከንድ መጣለት። ከ100 አቶም የወጡት 18 ገደማ ናቸው። "መምህር፣ ኃይል አንሶታል" አለና እጥፍ አደረገው። 97 በመቶ! ጮቤ ረገጠ። ትንሽ ልጨምርለት ብሎ አራት እጥፍ ሲያደርገው ወደ 60 ወረደ። ፊቱን ብታዩት!

"እናትህ ቅቤው ከወጣ በኋላ ብትንጠው ወተት ይሆናል?" አልኩት። ሳቀ። አቶም ግን ይሆናል። ያው ያወጣው ፐልስ ሲበዛበት መልሶ ያወርደዋል። ደግሞም ኃይል እጥፍ ሲሆን የውዝዋዜው ፍጥነት በ1.41 ብቻ ነው የሚጨምረው። ፍጥነቱን እጥፍ ለማድረግ አራት እጥፍ ኃይል ይፈልጋል።

መፍትሄው፦ 10,000ን በ2π አባዙ፣ πን ለውጤቱ አካፍሉ። 50 ማይክሮሰከንድ ይሆናል። ከዚያ በአንድ ፐልስ አትፍረዱ። ጊዜውን ከ0 እስከ 200 ማይክሮሰከንድ እያራመዳችሁ ግራፍ ሳሉ። 50 ላይ ጫፍ፣ 100 ላይ ዜሮ ካልሆነ ሌላ ነገር አትንኩ፤ ወደ 2π ተመለሱ። አንድ ነጥብ ይዞ "ሠራልኝ" የሚለኝን አልሰማም፣ የ97ቱን ጉድ አይቻለሁ።

ልጁን ኮዱን ከየት እንዳመጣው ጠየቅኩት። ከላይኛው ባች ነው። "ኦሜጋ = 10000" ይላል፤ ኦሜጋ ራቢ ድግግሞሹ ነው፣ አሃድ ግን የለውም። የሦስት ጓደኞቹን ፋይል ከፈትን፤ ያችው መስመር፣ ያችው ስህተት።