እኩል ያልሆኑ ክብደቶችን በተንጠልጣይ መብራት ዙሪያ እንዴት ማመጣጠን ይቻላል?

ከአንድ መንጠቆ ላይ የተንጠለጠለ መብራት የክብደቱ ማዕከል ከመንጠቆው ትክክል በታች እስኪሆን ድረስ ያዘነብላል። እያንዳንዱ ጌጥ መብራቱን ወደ ራሱ በኩል የሚጎትትበት ጉልበት የሚታወቀው ክብደቱ ከመሐል ካለው ርቀት ጋር ሲባዛ ስለሆነ፣ በ40 ሴንቲ ሜትር ላይ የተሰቀለ 300 ግራም በተቃራኒው በኩል በ30 ሴንቲ ሜትር ላይ የተሰቀለ 400 ግራምን ይመክታል።

ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት ኤሌክትሪኩን ከብሬከሩ ያጥፉ፤ አምፖሎቹም እስኪቀዘቅዙ ይጠብቁ። የጣሪያው መንጠቆ የመብራቱንና የጌጦቹን ድምር ክብደት የሚችል መሆኑን ያረጋግጡ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦው ምንም ዓይነት ክብደት መሸከም የለበትም። ከዚያም ጌጦቹን በሙሉ አውርደው ባዶውን መብራት በውኃ ልክ (አግድም መስተካከልን በሚያሳየው መሣሪያ) ይለኩ። ባዶውን እያለ ካዘነበለ ጥፋቱ የጌጦቹ ሳይሆን የተጣመመ ዘንግ ወይም ወደ አንድ ወገን የሚገፋ ደረቅ ሽቦ ሊሆን ስለሚችል፣ በቅድሚያ እርሱ ይስተካከል።

ቀጥሎ እያንዳንዱን ጌጥ ከነማንጠልጠያው በወጥ ቤት ሚዛን መዝነው ክብደቱን ይጻፉ። ከባዱን ከቀላሉ ፊት ለፊት መስቀል የሚያመጣጥን ይመስላል፤ ነገር ግን መብራቱን ይበልጥ የሚያጋድለው ይኸው ነው። ፊት ለፊት መሆን ያለባቸው ክብደታቸው የሚቀራረብ ጌጦች ናቸው። ለምሳሌ እኩል ርዝመት ባላቸው፣ ዙሪያውን እኩል ተራርቀው በተራ ከ1 እስከ 6 በተቆጠሩ ስድስት ክንዶች ላይ 210፣ 230፣ 250፣ 260፣ 300 እና 310 ግራም የሚመዝኑ ጌጦች ይሰቀሉ እንበል። 230ውን በ1ኛው፣ 210ሩን በ4ኛው፤ 260ውን በ3ኛው፣ 250ውን በ6ኛው፤ 310ሩን በ5ኛው፣ 300ውን ደግሞ በ2ኛው ክንድ ላይ እናደርጋለን። ከየጥንዱ ከበድ ያለው አንድ ክንድ እየተዘለለ በመሰቀሉ ልዩነቶቹ በከፊል ይጣፋሉ፤ በመጨረሻ የሚቀረው ወደ 1ኛው ክንድ የሚያዘነብል 10 ግራም ብቻ ነው። እርሱንም በ4ኛው ክንድ ጫፍ ላይ 10 ግራም፣ ወይም በክንዱ አጋማሽ ላይ 20 ግራም በመጨመር ማጥፋት ይቻላል።

ጌጦቹን ሲሰቅሉ ዙሪያውን ተራ በተራ አይሂዱ፤ አንዱን እንደሰቀሉ ወዲያው ጥንዱን በተቃራኒው ክንድ ላይ ይስቀሉ። አንድ ወገን ብቻውን ከተጫነ መብራቱ በድንገት ሊያጋድልና መስታወቱ ሊጋጭ ይችላል።

ለማካካሻ የብረት ሮንዴላ (መሐሉ ቀዳዳ የሆነ ክብ ብረት) በጣም ይመቻል፤ ቀጭን ስለሆነ ከላይኛው የክንዱ ገጽ ላይ ቢታሰር ከታች ለሚያይ ሰው አይታይም። ከአምፖሉ ሙቀት አርቀው በሽቦ ይሰሩት፣ ምክንያቱም ማጣበቂያ በሙቀት ሊለቅና ብረቱ ሰው ላይ ሊወድቅ ይችላል። ሽቦው ግን የኤሌክትሪክ መስመሩን እንዳይነካ ይጠንቀቁ። በመጨረሻም መብራቱ መወዛወዙን ሲያቆም ውኃ ልኩን በሁለት አቅጣጫ፣ አንዱን ከሌላው ጋር በሚያቋርጥ መልኩ እያስቀመጡ ይመልከቱ። ወደፊት አምፖል ወይም ጌጥ በሚቀይሩበት ጊዜ አዲሱን ከአሮጌው ጋር አብረው ይመዝኑ፤ ልዩነት ካለ ማካካሻውን በዚያው ልክ ይጨምሩ ወይም ይቀንሱ።