የቀለጠ አሉሚኒየም በአየር እንዳይባክን፦ ማግኒዚየም ያለበትን ቅይጥ እንዴት እናቅልጥ?

አሉሚኒየም 660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል። ገና ከመቅለጡ እንደ ወተት ስልባቦት ያለ ስስ ሽፋን ፊቱ ላይ ይይዛል። ይህ የአሉሚኒየምና የኦክሲጅን ውህድ ነው። ጥብቅ ስለሆነ ከሥሩ ያለውን ብረት ከአየር ይጋርደዋል።

ማግኒዚየም ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። ማግኒዚየም ከአሉሚኒየም ይበልጥ ኦክሲጅንን ይስባል። የሚፈጥረው ኦክሳይድ ደግሞ ከተቃጠለው ብረት 20 በመቶ ገደማ ያነሰ ቦታ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ፊቱን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አይችልም። ይሰነጠቃል፣ አየርም በስንጥቁ ይገባል። ማግኒዚየሙ ከ2 በመቶ ገደማ ካለፈና ብረቱ ቀልጦ ከቆየ፣ ጥቁር ጉብ ጉብ ያለ ቅርፊት ይወጣል። ያ ሁሉ የባከነ ብረት ነው።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከእሳቱ በፊት ነው። ቁርጥራጩን ለዩ። እኔ ከሁሉም በላይ የምጨነቀው ለዚህ ደረጃ ነው። የመኪና ቸርኬ ብዙ ጊዜ 7 በመቶ ገደማ ሲሊከንና ከግማሽ በመቶ ያነሰ ማግኒዚየም ያለው ቅይጥ ስለሆነ ብዙ አያስቸግርም። የለስላሳ ጣሳ ክዳን ግን ከ4 እስከ 5 በመቶ ማግኒዚየም አለው፤ ገላው 1 በመቶ ገደማ ነው። የድሮ ቮልስ የሞተር ቤት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጭራሽ አሉሚኒየም አይደለም፤ የማግኒዚየም ቅይጥ ነው። ሳይታወቅ ማቅለጫው ውስጥ ከገባ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

መለያው ቀላል ነው። የጠረጠራችሁትን ቁራጭ በሞረድ ፋቅ አድርጉና አንድ ጠብታ አቼቶ ጣል አድርጉበት። ማግኒዚየም ከሆነ ወዲያው አረፋ ያወጣል። አሉሚኒየም ከሆነ ዝም ይላል። ክብደቱም ያሳብቃል፤ ማግኒዚየም ከአሉሚኒየም በሲሶ ያህል ይቀላል።

ቀጥሎ ሁሉንም አድርቁ፤ መሣሪያውን ጭምር። በቀለጠ ብረት ሥር የገባ ውሃ በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳል።

ከዚያ አሉሚኒየሙን ብቻ አቅልጡ። ሙቀቱን ከ700 እስከ 750 ዲግሪ ያዙት። ከዚያ በላይ መሄድ ብክነቱን ያፋጥነዋል።

ማግኒዚየም መጨመር ካለባችሁ መጨረሻ ላይ ይሁን። ለ100 ኪሎ ቅይጥ 0.4 በመቶ ከፈለጋችሁ 400 ግራም ነው፤ ለሚቃጠለው ጥቂት ጨምሩበት። ከላይ አትወርውሩት፤ ተንሳፍፎ ይቃጠላል። በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልላችሁ፣ ረጅም ዘንግ ባለው ቀዳዳ ቀዳዳ የብረት ኩባያ ውስጥ አድርጉት። ኩባያውን አስቀድማችሁ አሙቁ። ደፍታችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ታች አስጥሙት፤ ቀልጦ እስኪያልቅ ሳታንቀሳቅሱ ያዙት። ከዚያ ረጋ ብላችሁ አማስሉ። ፊቱን አትረብሹ፤ ሽፋኑ በተቀደደ ቁጥር አዲስ ብረት ለአየር ይጋለጣል። ቆሻሻውን አንዴ፣ ልትቀዱ ስትሉ ብቻ ግፈፉት።

ትልልቅ ፋብሪካዎች ሌላ ዘዴም አላቸው። ከሚሊዮን ክፍል 50 ገደማ ቤሪሊየም የሚባል ብረት፣ ማለትም ለ100 ኪሎ 5 ግራም፣ የማግኒዚየሙን ቃጠሎ በጉልህ ይቀንሰዋል። ቤሪሊየሙ ወደ ላይኛው ፊት ወጥቶ የተሰነጠቀውን ሽፋን ያጠብቀዋል። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ያን ያህል መሥራቱ ሁሌም ይደንቀኛል። እናንተ ግን አትንኩት። ጭሱና አቧራው የማይድን የሳንባ በሽታና ካንሰር ያመጣል። ከመኪና ቁርጥራጭ የወጥ ድስት መሥራትንም አልደግፍም፤ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል።

ራሱን ማግኒዚየምን የሚያቀልጡ ደግሞ ካልሲየም ይጠቀማሉ። 1 በመቶ ገደማ ሲጨመር ብረቱ እሳት የሚይዝበት ሙቀት ከፍ ይላል። እሳት እንዳይዝ ብረቱ ላይ ይነፋ የነበረው ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ የተባለ ጋዝ የምድርን አየር በማሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከ20,000 እጥፍ በላይ ይበልጣል። ካልሲየሙ ይህን ጋዝ መቀነስ ያስችላል።

እሳት ከተነሳ ውሃ አታፍስሱበት፤ ሃይድሮጂን አውጥቶ ይፈነዳል። አሸዋም አይሆንም፤ የሚነድ ማግኒዚየም ከአሸዋ ውስጥ እንኳ ኦክሲጅን ይወስዳል። ለብረት እሳት የተዘጋጀ ደረቅ ማጥፊያ ዱቄት ግዙ፤ ምድጃው ከመለኮሱ በፊት እጃችሁ በሚደርስበት ቦታ አስቀምጡት።