ማጥፊያው የሚቆርጠው የትኛውን ሽቦ ነው?

የባትሪ ድንጋይ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ጫፎች ቦታቸውን አይለቁም፤ በግድግዳችን ሶኬት የሚመጣው ኤሌክትሪክ ግን ተለዋዋጭ ነው። በአገራችን የሚሠራበት 220 ቮልትና 50 ሄርዝ በመሆኑ ጅረቱ በአንድ ሴኮንድ 50 ጊዜ ሄዶ ይመለሳል፤ አቅጣጫውንም 100 ጊዜ ይቀይራል። 220 ሲባልም ጣሪያው አይደለም፤ በእያንዳንዱ ዙር ጫፍ ላይ ቮልቴጁ 311 ገደማ ይደርሳል። ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር በሺህ የሚቆጠረውን የመስመር ቮልት ለቤት በሚሆን ልክ ማውረድ የቻለውም ኤሌክትሪኩ ስለሚለዋወጥ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያውስ ወደ ቤት የሚገቡት ሁለቱ ሽቦዎች፣ ፌዝና ኒውትራል፣ እኩል ናቸው» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ይህ አደገኛ ስሕተት ነው። ኒውትራሉ ትራንስፎርመሩ ዘንድ ከመሬት ጋር ታስሯል፤ ቮልቴጁ ወዲያና ወዲህ የሚዋዥቀው ፌዙ ስለሆነ መሬት የረገጠ ሰው ሲነካው ጅረቱ በሰውነቱ ያልፋል። አምፖል ግን ጅረቱ በየትኛውም ጫፍ ቢገባ ስለሚበራ የሽቦዎቹን መገለባበጥ አያሳብቅም። አዘዞ በተከራየሁት ቤት ይህን ያወቅሁት፣ ማጥፊያው ጠፍቶ ሳለ ቴስተሬ (ፌዝ ሲነካ የሚበራው መፈተሻ) አምፖል መያዣው ውስጥ ቦግ ሲል ነው፤ የዘረጋው ባለሙያ ማጥፊያውን ያሰረው በፌዙ ፋንታ በኒውትራሉ ላይ ነበር።

ቤትዎን ለመፈተሽ በመጀመሪያ ቴስተሩን በሚሠራ ሶኬት ይሞክሩ፤ አንዱ ቀዳዳ ሊያበራው፣ ሌላው ሊያጨልመው ይገባል። ሁለቱም ካበሩት ኒውትራሉ ተቆርጦ ሊሆን ስለሚችል ሥራውን አቁመው ባለሙያ ይጥሩ። ቀጥሎ ብሬከሩንና የመብራቱን ማጥፊያ አጥፍተው፣ ደረቅ የእንጨት በርጩማ ላይ ቆመው፣ ብርጭቆውን ብቻ ይዘው አምፖሉን ይፍቱ። ብሬከሩን መልሰው ሲያበሩ ማጥፊያው እንደጠፋ ይቆይ፤ ከዚያም ጣትዎን ከቴስተሩ ጭራ ላይ አሳርፈው በጫፉ የመያዣውን ብረቶች አንድ በአንድ ይንኩ። ደብዘዝ ያለ ብርሃን ጎን ለጎን ከተዘረጋ ሽቦ በኤሌክትሪኩ ተለዋዋጭነት ምክንያት ሊመጣ ይችላል፤ ጎልቶ ከበራ ግን ፌዙ አልተቆረጠም።

ስሕተቱ በአንድ መብራት ብቻ ከታየ ባለሙያው የዚያን ማጥፊያ ሽቦዎች ያስተካክላል። በሁሉም ክፍሎች ከታየ ሽቦዎቹ የተገለባበጡት ቆጣሪው አካባቢ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ነጠላ (አንድ ሽቦ ብቻ የሚቆርጥ) ብሬከርም የሚቆርጠው ኒውትራሉን ስለሚሆን፣ እስኪስተካከል ድረስ ብሬከር ጠፍቷል ብለው ምንም ሽቦ አይንኩ።